አርባ አንደኛው ጥያቄ

ከሆሣዕና ጠረጴዛ በላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ አራት ወሩ ነበር። ቆጥራዋለች፤ በደቂቃ አሥራ አንድ ጊዜ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያለችው ትንሽ የኢንሹራንስ ቢሮ ሁለት ሠራተኞች ብቻ ነበሯት፤ ሆሣዕናና ፀዲ። ፀዲ መብራቱን በሁለተኛው ሳምንት ለመደችው። ሆሣዕና ግን የማትለምደው ነገር ሲገጥማት ዝም ብላ ትቆጥራለች። ሠላሳ ዓመቷ ነው። ኢስት ዮርክ ሰፈር ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሜ ልብስ ታጥባለች፤ እሑድ ሬክስዴል ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የጎደለኝ ነገር አለ ብላ አስባ አታውቅም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ትከሻው ላይ በረዶ ያረፈበት ረጅም ሰው በሩን ገፍቶ ገባ።

«አምሃ እባላለሁ፤ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ነገ ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለ ኮንዶ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። ማናጀሩ የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ካላመጣህ በሩን አታልፍም አለኝ።»

«እስከ ዛሬ እንዴት ሠሩ?»

«ተቀጥሬ። የራሴን የጀመርኩት ሰኞ ነው።»

ሆሣዕና ቅጹን አወጣች። አርባ ጥያቄ አለው። ሌላ ወኪል ግማሹን በግምት ሞልቶ ያልፋል፤ እሷ አንዱንም አትዘልም።

«ከቤት ውጭ ይሠራሉ?»

«እዚያ ሐይቁ ዳር አዎ። እርጥበቱ የብረት ሳጥን በሁለት ክረምት ያዝገዋል። ለዚህ ነው ሥራዬን ከመክደኔ በፊት ፎቶ የማነሳው።» ከኪሱ ቀጭን ወረቀት አወጣ፤ ቀንና አድራሻ በእጅ ተጽፎበታል። «ይቺን አጠገቡ እለጥፋለሁ። ጓደኞቼ ‹ሠርግ ነው እንዴ የምታነሳው?› ይሉኛል።»

ሆሣዕና ሳቋን ዋጠችው። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ላይ ደረሱ።

«ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሥራ አለ?»

«ይሄም ይጻፋል? ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን አላስከፍልም።»

«ይጻፋል» አለችና ጻፈችው።

ሲጨርሱ አምሃ ቀና ብሎ መብራቱን አየ። «እንዴት ቻልሽው? ወንበሩን አቀብዪኝ፤ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«እንዳይነኩት! ኢንሹራንስዎ የሚጀምረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ነው።»

የዘረጋውን እጅ አወረደ። ከዚያ ረጋ ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን ወደ ቅጹ መለሰች፤ ቅጹ ግን አልቆ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወደ ኮንዶው ሲሄድ፣ መሰላል ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። «አሁንስ?»

«አሁን ይችላሉ።»

መብራቱ ጸጥ አለ። ያን ቀን ሆሣዕና ደጋግማ ቀና አለች፤ የምትቆጥረው ነገር አልነበረም።

*

በረዶው ሳይቀልጥ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ። እሑድ ከሰዓት በሐይቁ ዳር ይሄዳሉ፤ እሱ የሰው በረንዳ ላይ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ እሷ ክንዱን ይዛ ትጎትተዋለች።

ሜይ ላይ ሆሣዕና ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ወሰደችው። አባቷ ጋሽ ተክሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ የሕንፃው ጉዳይ በእጃቸው ነው። የአምሃን እጅ ጨብጠው ያዙና «ጌታ ይባርክህ፤ የሠራተኛ እጅ ነው» አሉ። እሱ ግን ዓይኑ ወጥ ቤቱ ላይ ነበር፤ ማቀዝቀዣው፣ ምድጃው፣ የሻይ ማፍያው ሁሉ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ተሰክተዋል።

በሁለት ቅዳሜ አስተካከለው። ለሻይ ማፍያው የራሱን መስመር ዘረጋ፤ መሰኪያው ላይ «ለአንድ ማፍያ ብቻ» ብሎ ለጠፈ፤ አስፈተሸው፤ ፎቶውን አነሳ።

«ሥራውንና ዋጋውን በወረቀት ጻፍላቸው» አለችው ሆሣዕና።

«ለጌታ ቤት ኢንቮይስ አልጽፍም፣ ሆሲ።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ወጥ ቤቱ ተቃጠለ። ማንም አልተጎዳም። አንድ ግድግዳ ጠቆረ፤ መጋረጃውና ቁም ሳጥኑ አመድ ሆኑ። ከመምሸቱ በፊት ሬክስዴል ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ይዞር ነበር፤ «ኤሌክትሪሺያኑ»።

ጋሽ ተክሉ ጮክ ብለው አልተናገሩም። «ጥሩ ልጅ ይመስለኝ ነበር» ብቻ አሉ። ሆሣዕና ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር።

አምሃ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳም። በሦስተኛው ቀን ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር፣ ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

«ለምንድነው ኮል የማታደርግልኝ?»

«ምን ልበልሽ? ነፃ ሥራ ነው፤ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። በእኔ ከተፈረደ የሥራ ላይሰንሴ ይሄዳል፣ ቫኗም ትሄዳለች። እሱም ይቅር። አባትሽ ፊት ግን በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

«ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ትዝ ይልሃል?»

ፊቱን ወደ እሷ መለሰ።

«‹ለቤተ ክርስቲያን አላስከፍልም› አልክ። ጻፍኩት። ውልህ ውስጥ አለ፣ አምሃ። ተሸፍነሃል። ጠበቃም ያቆሙልሃል።»

ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። ትከሻው ሲወርድ አየች፤ ሦስት ቀን የያዘው ትንፋሽ ነበር የወጣው። ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ መለሰችው።

«ሌላም አለ። አባቴ የከሳሹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወገን ነው፤ እኔ ያንተ ወኪል ነኝ። ፋይልህን ለፀዲ ሰጥቻለሁ። እስኪዘጋ ድረስ አትደውልልኝ፤ እኔም አልደውልልህም። ነገ ‹አዳላችለት› ቢሉ የሚጎዳው አንተን ነው።»

«ስለ ጉዳዩ ነው ወይስ ስለ ሁሉም?»

የቫኑ መስታወት ላይ ዝናብ ጀመረ። «ስለ ሁሉም» አለች።

*

አምሃ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ በግራም በቀኝም ወንበሮቹ ባዶ ይሆናሉ። በሦስተኛው እሑድ ሆሣዕና ከአባቷ አጠገብ ተነሣች። የአዳራሹን ርዝመት ሁሉ ሄዳ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቡ አይደለም፣ አንድ ወንበር ትታ። ባዶው ወንበር ላይ ጃኬቷን አኖረች። አላየችውም፤ አላናገረችውም። ጉባኤው ሁሉ ግን አየ።

የእሳቱን መነሻ የሚያጣራው መርማሪ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። የአምሃን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ፤ ቀን አለባቸው፣ አድራሻ አለባቸው። ከዚያ ከአመዱ ውስጥ ያገኘውን የቀለጠ ቡናማ የኤሌክትሪክ ገመድ ለተሰበሰበው ሰው አሳየና የማን እንደሆነ ጠየቀ። የሚያውቀው አልተገኘም።

ያን ማታ ራት ላይ ጋሽ ተክሉ አልበሉም። ሆሣዕና ከመብላቷ በፊት የቤታቸው ጋራዥ ገብታ ነበር። የገና መብራት የሚሰካበት ገመድ ሁልጊዜ የሚንጠለጠልበት ምስማር ባዶ ነበር።

«አባዬ፣ ቡናማው ገመድ የት ሄደ?»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሳህኑን ገፋ አደረጉ።

«የዚያን ቀን ሰው በዝቶ ነበር። ሁለተኛ ማፍያ አመጣሁ። በገመዱ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰካኋቸው፤ ምንጣፉን አለበስኩት፣ ሰው እንዳይጠልፈው ብዬ።» ድምፃቸው ወረደ። «መሰኪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። አንዴ ምን ይሆናል አልኩ። ኋላ ሰው ሁሉ እሱን ሲል ዝም አልኩ።»

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው።»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ ለመርማሪው ተናገሩ። እሑድ ደግሞ ጉባኤው ፊት ቆመው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ምክንያት አልደረደሩም። ከዚያ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄዱና አምሃን ይቅርታ ጠየቁት። አምሃ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለ። «ጋሽ ተክሉ፣ ይተዉ እንጂ! ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አንድ ማፍያ እንደማይበቃችሁ ማወቅ ነበረብኝ።» ከአምስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዉ ሳቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን ስህተትም ስለሚሸፍን የግድግዳው ወጪ የጋሽ ተክሉን ኪስ አልነካም።

ፋይሉ በተከፈተ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን አምሃ ቢሮው በር ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ መሰላል አልያዘም።

«ተዘጋ?»

«ከአሥራ ሰባት ደቂቃ በፊት» አለች ሆሣዕና።

«እኔ ምሳዬን ልብላ» ብላ ፀዲ ቦርሳዋን አነሳች፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። አምሃ ወንበሩን ስቦ መጀመሪያ ቀን የተቀመጠበት ቦታ ተቀመጠ። «ያ ቅጽሽ አርባ ጥያቄ አለው አይደል?»

«አርባ።»

«አርባ አንደኛ አለኝ። ታገቢኛለሽ?»

መብራቱ ከላይዋ ጸጥ ብሎ ይበራል። የምትቆጥረው ስታጣ የራሷን የልብ ምት አገኘች። እጇን ዘረጋች። «ወረቀትህን ስጠኝ።»

ቀጭኑን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ቀኑን ጻፈች፤ አድራሻውን ጻፈች፤ ከሥሩ «እሺ» ብላ ጻፈች። አምሃ ጠረጴዛው ላይ ለጠፈውና ፎቶ አነሳው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጦ፣ ሠላሳ ስምንት ቀን ያልያዘውን እጇን ያዘ።

ሠርጉ ኦክቶበር ላይ በዚያው አዳራሽ ሆነ። አምሃ በዋዜማው ሁለት አዲስ መስመር ዘርግቶ አስፈትሾ ነበር፤ ኢንቮይስም ጻፈ፣ የዋጋው ቦታ ላይ ዜሮ ብሎ። መቶ ሰማንያ እንግዳ መጣ። ጋሽ ተክሉ በእጃቸው ሦስት ማፍያ በሦስት መሰኪያ ሰኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሦስቱም ሲፈሉ አመሹ፤ አንድም ብሬከር ወርዶ መብራት አላጠፋም።