የአቋም ድልድል

በአዋሽ ማዶ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ተማሪ በየመንፈቅ ዓመቱ መጀመሪያ ሦስት ነገር ይደለደልለታል፦ አልጋ፣ የመማሪያ ክፍልና አቋም። በአልጋው የሚያማርር አይጠፋም፤ ትኋን አለው፣ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል ይላል። በአቋሙ ያማረረ ተማሪ ግን እስካሁን አልታየም።

አቋሙን የምታመጣው ከጆሮ ኋላ ከቆዳ ሥር የምትቀበር፣ ምስር የምታክል መሣሪያ ናት። በደንቡ ላይ «አቋም አዳይ» ተብላለች፤ ተማሪው «ጠጠር» ነው የሚላት። ጠጠሯ ሐሳቡን ብቻ አይደለም የምታቀብለው፤ ማስረጃውን፣ ምሳሌውን፣ ሲነኩት የሚመጣውን ንዴት ሁሉ አብራ ትሰጣለች። ባለፈው መንፈቅ «መሬት ይሸጥ» እያለ ጉሮሮው የደረቀ ልጅ፣ በዚህኛው መንፈቅ «መሬት አይሸጥም» ብሎ ዕንባ ይተናነቀዋል። ሁለቱንም ጊዜ ከልቡ ነው።

ስንዱ የምትሠራው ሚዛን ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳዋ ላይ የሚበሩትን መብራቶች እያየች፣ አንዱ አቋም እንዳይበዛ ሌላው እንዳይመናመን ትጠብቃለች፤ ሚዛኑ ካዘነበለ በመንፈቁ መሐልም ድልድሉ ይስተካከላል፤ እያንዳንዷ መብራት የአንድ ተማሪ ጠጠር ናት። ሥራዋን ትወደው ነበር። ታላቅ ወንድሟ እዚሁ ግቢ ተማሪ ሳለ፣ በተናገረው ነገር የተቆጡ ልጆች የዶርሙን በር በድንጋይ ሰብረው ገብተው ደብድበውት ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። ጠጠር ከመጣ ወዲህ ድንጋይ ያነሣ የለም። የራሱ ባልሆነ ሐሳብ ማን ይገዳደላል? የባላጋራው አቋም በመጪው መንፈቅ ለእሱ ሊደርሰው ይችላል። ወላጅ ልጁን ልኮ ተኝቶ ያድራል፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ካለ ወላጅ ሆኖ የማያውቅ መሆን አለበት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪው በመስታወቱ ዳስ ሥር ተሰብስቦ በላ ልበልሃ ይባባላል። ያንን የጥንት የችሎት ሙግት ዩኒቨርሲቲው ነፍስ ዘርቶበታል፦ ተሟጋቹ ዘንግ ይዞ ይነሣና «ተጠየቅ» ይላል፤ ባላጋራው «ልጠየቅ» ብሎ ፊት ለፊቱ ይቆማል። የዘንድሮው ነገር ዩኒቨርሲቲው ከአጥሩ ማዶ ያለውን የገበሬዎች ማሳ ለአዲስ ላቦራቶሪ ይውሰድ ወይስ አይውሰድ የሚል ነበር። ካሳ ተከፍሎ ይወሰድ የሚል አለ፤ በኪራይ ይያዝ የሚል አለ፤ አንድ ክንድ አይነካ፣ ሕንፃው ወደ ላይ ይሠራ የሚልም አለ። ታዳሚው የሚያጨበጭበው ለሐሳቡ ሳይሆን ለአንደበቱ ነው። ድሮስ መቼ ሌላ ነበርን? ችሎት ውለን ፍርዱን ረስተን፣ የተሟጋቹን ቅኔ ግን ለልጅ ልጅ የምናወራ ሰዎች ነን።

አንድ ሐሙስ ረውዳ የምትባል የሦስተኛ ዓመት የውኃ ምህንድስና ተማሪ ዘንጉን ይዛ ተነሣች። ወባ ይዟት ከርማ ገና ከክሊኒክ መውጣቷ ነው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማሳው … እኔ እንኳ … ቆይ» አለች። ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና አለ። «ይወሰድ፣ አይወሰድ አልልም። ማለቴ፣ ባለፈው ሳምንት ብትጠይቁኝ አይወሰድ እል ነበር። አሁን እንጃ። ማዶ ያሉትን ሴቶች ጠየቅኋቸው። አንዷ ይውሰዱልኝ፣ ልጆቼ ከጭቃ ይውጡ አለችኝ። ጎረቤቷ ደግሞ ሬሳዬ ሳይወጣ አይሆንም አለች። እኛ ስለ እነሱ ስንከራከር ከረምን፤ አንድ ቀን እንኳ እዚህ ጠርተናቸው አናውቅም። እነሱ ይምጡና ይጠየቁ። ከዚያ … ከዚያ እንጃ።»

የሚያጨበጭብ ጠፋ። ጠጠር የሰጠው ንግግር አይደናቀፍም፤ «እንጃ» የሚል ቃልም አያውቅም። ዳሱ ጥግ የተቀመጠችው ስንዱ ጭኗ ላይ ያለውን ሰሌዳዋን ስታይ የረውዳ መብራት ጠፍታለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷን ቢሮዋ አስጠራቻት።

«ጠጠርሽ ሞቷል። ለምን አላመለከትሽም?»

«ትኩሳቱ ነው መሰለኝ የገደለው፣ እትዬ ስንዱ» አለች ረውዳ። «ሲለቀኝ ባዶ ነበርኩ። ስለ ማሳው ባስብ ባስብ ምንም አይሰማኝም። ክሊኒክ መተኛቱ ሲሰለቸኝ እስከ አጥሩ እየሄድኩ ከሴቶቹ ጋር ማውራት ጀመርኩ። ቲማቲም ይለቅማሉ። እያወራን ሳለ ነው የመጣልኝ።»

«ምኑ?»

«እሱማ ገና አላለቀልኝም። እያሰብኩት ነው።» አንገቷን ደፋች። «ጠጠሩን ስትቀይሩት ይጠፋል፣ አይደል?»

ስንዱ ልትዋሻት አልፈለገችም። «ይጠፋል። መጥፋቱንም አታውቂውም።»

«እስከ ሐሙስ ብቻ ይተዉልኝ። ልጨርሰውና ከዚያ እንደፈለጋችሁ።»

ደንቡ የተበላሸ ጠጠር በታየበት ዕለት ይቀየር ይላል። ስንዱ ልጅቷን አየቻትና ቀናችባት፤ ሌላ ስም የለውም፣ ቅናት ነው። እሷ ራሷ ስለ ማናቸውም ነገር «እንጃ፣ እያሰብኩት ነው» ካለች ስንት ዘመኗ። ያቺ ሐሳብ ስታልቅ ምን እንደምትመስል ማየት ፈለገች። ልጅቷን ካሰናበተች በኋላ የጠፋችውን መብራት በእጇ አበራቻትና ሆድ ይፍጀው አለች።

ሆዷ ግን ብዙ አልፈጀውም። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ላቀው የሐሙሱን ቅጂ አዳምጦ ከሰዓት በኋላ እየሳቀ ገባ።

«ይቺን ልጅ ከእኔ ደበቅሻት አይደል?» አለ። «አትደንግጪ፣ ልቀጣት አልመጣሁም። ስንት ዓመት ሙሉ ያንኑ አሮጌ አቋም እያገላበጥን ስናድል ከረምን። ከላይም ብዝኃነታችሁ ሻገተ እያሉ ይወቅሱኛል። ይሄ ግን ትኩስ ነው። ‹እነሱ ይምጡና ይጠየቁ!› ጸጉር ያቆማል እኮ።»

«ልጅቷ ገና አልጨረሰችውም፣ ዶክተር።»

«እኛ እንጨርስላታለን።»

«ጠጠሯስ? ይቀየር ይላሉ?»

«ለምን ሲባል? እንዳለች ትቆይ። ማን ነካት?»

ስንዱ ደስ አላት። ልጅቷን ያተረፈቻት መሰላትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ አመሰገነችው። እሱም በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «መደናቀፉን ግን እንዳትነኩት። ሰው ልቡ የተነካው እሱ ላይ ነው።» ይህን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የገባት ሐሙስ ዕለት ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ረውዳ ምንም ሳትሰማ፣ ሳምንቱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ የሰነበተችውን ይዛ ዳሱ ውስጥ ገባች። ከእሷ በፊት ዘንጉን ያነሣው አንድ ረጅም የሕግ ተማሪ ነበር።

«ማሳው … እኔ እንኳ … ቆይ» አለ።

ታዳሚው ተነቃነቀ። ልጁ ስለ ሁለቱ ሴቶች ተናገረ፤ ልጆቼ ከጭቃ ይውጡ ስላለችውና ሬሳዬ ሳይወጣ ስላለችው። አጥሩ ጋ ሄዶ አያውቅም። ቢሆንም ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥላ የተነሣች ልጅ ያንኑ ደገመች፤ «ከዚያ … ከዚያ እንጃ» ስትል ዕንባዋ ዱብ አለ። ሌላ ተነሣ፣ ሌላም። እርስ በርሳቸው እንኳ ተጠየቅ፣ ልጠየቅ ተባባሉ፦ ሴቶቹ በአንድ ላይ ይጠሩ ወይስ በየተራ በሚል። ጭብጨባው ዳሱን አናጋው። ስንዱ ሰሌዳዋ ላይ አዲስ ቀለም ያላቸው መብራቶች እንደ አሸን ሲፈሉ አየች፤ ረውዳን ቀና ብላ ለማየት ግን አልደፈረችም።

በመጨረሻ የረውዳ ተራ ደረሰ።

«እኔ ከሴቶቹ ጋር ተነጋግሬ …»

«ተብሏል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አይ፣ የኔ እንኳን … ቆይ …»

ሳቅ ሆነ። በክፋት የሳቀ አልነበረም፤ «ቆይ»ን ሁሉም ያውቃታል።  ረውዳ ዘንጉን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና በጎን በኩል ባለው በር ወጣች።

ስንዱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሠራተኛ ዘንግ ይዞ አያውቅም፤ የሚከለክል ደንብ ግን የለም። ወደ መሐል ሄዳ አነሣችው።

«ይህ ሐሳብ የዚያች የወጣችው ልጅ ነው» አለች። «ከአፏ ወስደን አደልነው። እኔም እጄ አለበት፣ ሚዛን ክፍል ነው የምሠራው። ወንድሜ በዚህ ግቢ በንግግሩ ዓይኑን አጥቷል። ስለዚህ ጠጠር ሲመጣ ተመስገን ብዬ ዝም አልኩ። ግን ልንገራችሁ፤ ወንድሜን የደበደቡት ልጆች ቢያንስ ሰምተውት ነበር። ዛሬ እዚህ ማን ማንን ይሰማል? ጠጠሩን አውጡት። ብትጣሉም በገዛ ነገራችሁ ተጣሉ። ብታፍሩም እናንተው እፈሩ።»

 አሁን ይጮኹብኛል ብላ ዘንጉን ጨበጥ አደረገች። ደስም ብሏት ነበር፤ ቢጮኹባት ሰሟት ማለት ነው።

አጨበጨቡ። ቆመው አጨበጨቡ፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ፣ «ወንድሟን ማስገባቷ!» ስትል ሰማቻት። ዶክተር ላቀው መጥቶ ትከሻዋን ያዛት።

«ግሩም ነው፣ ስንዱ። ጠጠርን የሚቃወም ወገን የላችሁም ይሉኝ ነበር። ሞላሽልኝ። በመጪው መንፈቅ እናድለዋለን።»

«የእውነቴን ነው የተናገርኩት፣ ዶክተር።»

«ያማረውም ለዚያ ነው» አለ ከልቡ።

ስንዱ ሮጣ ወጣች። ረውዳ አጥሩ ጋ ቆማለች። ከማዶ ሴቶቹ አጎንብሰው ቲማቲም ይለቅማሉ፤ አንዷ እጇን አውለበለበችላት፤ ረውዳ አጸፋውን አልመለሰችም።

«ምን ልትይ ነበር?» አለች ስንዱ እያለከለከች። «መጨረሻውን ለእኔ ንገሪኝ።»

«አሁን ብናገረው የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?» ድምፇ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ድካም ብቻ ነው። «ነገ አዲስ ጠጠር ስጡኝ ብዬ ላመለክት ነው። ባዶ መሆኑ ከበደኝ።»

«ተይ ልጄ። እኔ እኮ ስላንቺ ተናገርኩ። አልሰማሽም?»

«በመስኮት ሰማሁ። በጣም ያምራል።» ረውዳ በአክብሮት ፈገግ አለች። «ለሠራተኛም ማደል ጀመሩ እንዴ?»

«እኔ ጠጠር የለኝም!» ስንዱ ሻሿን ከራሷ ገፈፈች፣ ጸጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ ጆሮዋን አዞረችላት። «ይኸው፣ እዪኝ።»

ረውዳ ላለማስቀየም ብላ ጎንበስ አለችና አየች።

«ጠባሳው እንኳ አይታይም» አለች። «ዘንድሮ ጥሩ አድርገው ነው የሚሠሩት።»

ስንዱ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ ግን ልትለው የምትችለውን ሁሉ በደንብ የተሠራ ጠጠርም ይለዋል። ልጅቷ ተሰናብታት ወደ ዶርሟ ሄደች። ስንዱ ሻሿን በእጇ እንደያዘች ብቻዋን ቆመች፤ ጣቷን ከጆሮዋ ኋላ ላከች። ለስላሳ ቆዳ ነው፣ ምንም የለበትም። ጥቂት ቆይታ ደግማ ዳበሰችው፤ አሁን ጫን አድርጋ።