አረንጓዴዎቹ ከረጢቶች

ሔርሞን ቆሻሻ ልትጥል በሰው አገር፣ ዋይትሆል ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናቸው ጓሮ ብቅ ስትል ኦሊያድን ገንዳው አጠገብ አገኘችው። ቅድም ሰው ፊት መኪናው ላይ የጫናቸውን፣ የምግብ ትራፊ የተሞሉ አረንጓዴ ከረጢቶች አንድ በአንድ ገንዳው ውስጥ ይወረውራል። ያውም የሕፃናት ዳይፐር ላይ!

«ምን እያደረግክ ነው?»

ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ሳቀ። «ቺል በይ፣ ሔርሚ! ትራፊውን ማዳበሪያ የሚያደርጉት ሰዎች ሩቅ ናቸው። ጊዜ የለኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው» አላት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ በየእሁዱ የተጋጠ አጥንትና የተላወሰ ሩዝ ከሰው ሳህን ላይ በእጇ ለይታለች። ይሄ እኮ የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ተማሪው ኦሊያድ ነው፤ የፀሐይ ኃይል ድርጅት ውስጥ ሠርቶ የመጣው፣ መድረክ ላይ ስለ ንጹሕ ኃይል በተናገረ ቁጥር እናቷ «እንደሱ ሁኚ» የምትላት። ቱ!

«ስሚ» አለ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ። «ስኮላርሺፕ የሚሰጡኝ የላኳት ሴትዮ ይሄን የትራፊ ፕሮጀክቴን ልታይ መጥታለች። ወጥ ቤት ትራፊ የሚለዩትን እትዬ አፀደን ስታናግር አንቺ ታስተረጉሚላታለሽ። ስኮላርሺፑ ካመለጠኝ ትምህርቴን ማቋረጤ ነው። በናትሽ!»

ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ አፀደ ቁርጥማት በያዘው ጣታቸው ከየሳህኑ አጥንት ይለቅማሉ። ሴትየዋ በአድናቆት ስታያቸው ቆየችና ትራፊው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀች። ሔርሞን ጥያቄውን በአማርኛ ነገረቻቸው።

«ኦሊያድ ገበሬዎች ጋ ይወስድልናል» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው በርቶ። «አፈር ይሆናል። በስተርጅና ለአገሩ ጠቀምኩ ብለሽ ንገሪያት፣ ልጄ።»

ሴትየዋ ትጠብቃለች። ኦሊያድ በሩ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን ለሔርሞን አሳያት። ፈገግ ብሎ! ከገንዳው ሽታ ይልቅ ያ ፈገግታ አስጠላት። አሁን እትዬ ያሉትን ብቻ ብትደግም ውሸቱ የእሷም ሊሆን ነው።

ጎንበስ ብላ የእትዬን እጅ ከሳህኑ ላይ አነሳች።

«እትዬ፣ ይተዉት። ገንዳ ውስጥ ነው የሚጥለው። አሁን በዓይኔ አይቼው መጣሁ።»

እትዬ ቀና ብለው ኦሊያድን አዩት፤ እሱ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

«ሔርሚ!» አለ በለሆሳስ።

«ምን አሉ?» አለች ሴትየዋ በእንግሊዝኛ።

ሔርሞን ወደ እሷ ዞረችና መጀመሪያ የእትዬን፣ ከዚያም የራሷን ቃል አንድም ሳታስቀር ተረጎመችላት።