ወደ ሐይቁ የዞረው ካሜራ

አያ ኑርዬ ለሱብሒ ሶላት ሲወጡ፣ ለምነው ባስተከሉት የመንገድ ካሜራ ሥር ተገጭተው ሞቱ። ካሜራው በዚያች ሰዓት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ዳክዬ ይቆጥር ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሾፌሩ ሁሉ እንደ ጥይት ሲከንፍ፣ አያ ኑርዬ የልጅ ልጃቸውን ሬሳ ከአስፋልት አነሱ። ካሜራው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች ለሁለት መከፈል አይቸግረንም፤ ገሚሳችን «ልጆቻችንን ያድናል» ስንል ገሚሳችን «ጓሯችንን ያያል» አልን። አያ ኑርዬ «ከአስፋልቱ ውጭ አያይም፤ ወላሂ!» ብለው ማሉ። እሳቸው ከማሉ ማን ይከራከራል?

ኢንስፔክተር ሰሚሃ ከደሴ ስትደርስ አስከሬኑ አልተነሳም። ያገኘው የአይሱዙ ሾፌሩ ፈንታሁን ነበር።

«ነካሃቸው?»

«ኧረ በግሸኗ! ጮህኩ እንጂ ጣቴን አላሳረፍኩም።»

«ካሜራው ሦስት ጊዜ አስቀጥቶሃል አሉ።»

«አዎ። በካሜራ የተናደደ ካሜራ ይሰብራል እንጂ ሽማግሌ ይገድላል?»

ሰሚሃ ጎንበስ አለች። ደሙ የፈሰሰው ሁለት እርምጃ ወዲያ ነው። አያ ኑርዬ ግን ዓይናቸው ተከድኖ፣ በቀኝ ጎናቸው፣ ፊታቸው ወደ ሰሜን ተጋድመዋል።

የካሜራው ተቆጣጣሪ፣ ሞባይል ጠጋኙ አብዱልሰመድ ከባጃጁ ወርዶ እያለቀሰ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ ከአያ ኑርዬ ጋር ዋሻ ውስጥ በአንድ ጋቢ ያደረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «አባቴ» ነበር የሚላቸው።

«ኢቲሳም ናት! ‹ካሜራውን አወልቀዋለሁ› ስትል ያልሰማ የለም። በዱላ አዙራዋለች!»

«ጓሯችንን ያያል» ካሉት አንዷ የነበረችው ኢቲሳም በካቴና ታስራ ቀረበች። «እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላል፣ እቴ? ብያለሁ፤ አልክድም። ትናንት ባሌ ከጅዳ ደውሎ ‹አጥሩን የጠገነው ወንድ ማነው?› አለኝ። ማን ነገረው? ሮጬ ለአያ ኑርዬ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ፊታቸው አመድ መሰለ። ‹ነገ ጁምዓ ላይ ለሕዝቡ እናገራለሁ፤ በፊት ግን አንድ ሰው ልጠይቅ› አሉ።»

ሰሚሃ የካሜራውን ቀረጻ ሁለት ጊዜ አየች።

ከቀብር መልስ ሁሉንም በለቅሶው ድንኳን ሰበሰበቻቸው።

«ካሜራው በዱላ ቢመታ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። የዞረው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ በስልክ ታዝዞ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱን አሁን ቀበርን።»

ዓይን ሁሉ አብዱልሰመድ ላይ አረፈ።

«የአይሱዙ ሾፌር ገጭቶ ቢሆን ይሸሻል፤ ሬሳ ወደ ቂብላ አያዞርም። ኢቲሳም ያን ግዙፍ ሰው ብቻዋን አታነሳም። አንተ ግን በባጃጅህ ከገጨሃቸው በኋላ አንጀትህ አልቻለም። አንስተህ አጋደምካቸው፤ ዓይናቸውን ከደንክ።»

«ይኼን ማንም ሙስሊም ያደርገዋል!»

«ያደርገዋል። አድርጎም ‹ሰው ድረሱ!› ብሎ ይጮሃል። ያንተ እዝነት ግን ድምፅ አልነበራትም። ስልክህን።»

አብዱልሰመድ ስልኩን ሰጥቷት ተንበረከከ። «ጅዳና ሪያድ ያሉ ጓደኞቼ ‹ሚስቴን በካሜራው እያት› ሲሉኝ እንዴት እንቢ ልበል? አያ ኑርዬን ‹ይለፉኝ› ብዬ ለመንኳቸው፤ ‹በአላህ ስም አስዋሸኸኝ፤ ለሕዝቡ እናገራለሁ› አሉኝ።»

የኢቲሳም ካቴና ተፈታ። እሷ ግን እጇን እንኳ አላሸችም፤ ስልኩን ነበር የምታየው። የአሥራ አንድ ባሎች ስም፣ ከየስሙ ሥር የየጓሮው ምስል ነበረበት።

ለካሜራው ከሁላችን በላይ ትከራከር የነበረችው ሂንድ ተጠጋች። «የኔ ባል ሪያድ ነው። እሱ እንዲህ አያደርግም። እስኪ ፈልጊልኝ።»

ሰሚሃ ስልኩን በደረቷ ሸፈነች። «ካየሽው በኋላ እንዳላየሽው ማድረግ አልችልም፣ እህቴ።»

«አሳይኝ።»

አሳየቻት። ሂንድ ምስሉ ላይ ብዙ አልቆየችም። ሻሿን እስከ ዓይኗ ጎትታ ወጣች። ከኋላዋ ሴቶቹ ስልኩን ለማየት ተሰልፈው ነበር።