አሥራ ሰባቱ አውራ ጣቶች

ይህ ተረት አይደለም።

የፈጠራ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ የፈለገ ይለፍ። እኔ ግን የታሪኩን መጨረሻ በር ላይ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ባለታሪኩ ራሱ፣ ጥሊሊ ከተማ እናቱ ቤት ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ ነግሮኛል። እስኪጨርስ ድረስ ቀኝ እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም።

ሰዓቱ ሌሊት አይደለም። ጅብም አልጮኸም።

ሐሙስ ቀን... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቦታው ቆሰበር፣ የአንድ ወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት። የወረዳውን ስም ተዉኝ፤ እኔም እንጀራዬ እዚያው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ወሩ ሐምሌ። የቆሰበርን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ይቆማል፤ በቀትር መብራት አብርተን ነው የምንሠራው።

ባለታሪኩ ስንታየሁ ይባላል። የውኃ ባለሙያ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። በወጣትነቱ ቱቦ ሲቆርጥ መጋዙ ስቶት ቀኝ አውራ ጣቱን ሰንጥቆት ነበር። የጣቱን ሆድ አግድም የሚያቋርጥ ጠባሳ ቀርቶበታል።

ይህን ጠባሳ አትርሱብኝ።

ስንታየሁ ሥራውን ያውቃል። ክፉም አልነበረም። አንድ በሽታ ግን ነበረበት... ቅናት።

የሚቀናው በውብአየሁ ነው። ውብአየሁ ትናንት የመጣ ልጅ ነው፤ የእጅ ፓምፕ እንዴት እንደሚፈታ ያሳየው ስንታየሁ ነበር። ግን ስብሰባ ላይ መናገር ይችላል፣ ሪፖርት ማሳመር ይችላል፣ የማን ቀልድ ላይ መሳቅ እንዳለበትም ያውቃል። በሦስተኛ ዓመቱ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንታየሁ ምግብ አልበላለት አለ።

ጥበቃው ወገኔ ለውብአየሁ ብድግ ይላል፤ ለስንታየሁ ግን ተቀምጦ ነው ሰላም የሚለው። ይህን ይቆጥራል። ውብአየሁ የሚሽከረከር ወንበር አለው፤ ሲዞር ሲጥ... ይላል። ያ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ሲሰማው ስንታየሁ የያዘውን ብዕር ያስቀምጣል። አንድ ቀን ውብአየሁ በሌለበት ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲሽከረከር ደረስኩበት።

"ብሎኑ ላልቶ እንደሆን ልየው ብዬ ነው" አለኝ።

አልሳቅኩበትም። አሳዘነኝ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ቀርቀሃ ሜዳ የምትባል መንደር አለች። እዚያ አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ሊተከልበት ታቅዶ ነበር። ቁፋሮው ስምንት ሜትር ላይ ቆመ። ፓምፑ አልመጣም። ቆፋሪዎቹ አፉን በቀርቀሃ ሸፍነው ሄዱ፤ ክረምቱ ገባና ሣር በቀለበት።

ሪፖርታችን ግን "ተጠናቆ አገልግሎት በመስጠት ላይ" ይላል።

የቀረችው አንዲት ወረቀት ነበረች፤ ነዋሪዎቹ ጉድጓዱን ተረከብን የሚሉበት ቃለ ጉባኤ። አሥራ ሰባት ስም። መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን የማህተም ቀለም ውስጥ ነክሮ ከስሙ ጎን ያትማል። ደንባችን ነው።

ውብአየሁ ስንታየሁን አስጠራው። ስንታየሁ ከመግባቱ በፊት የስልኩን መቅጃ ከፍቶ ኪሱ ከተተው። የተባባሉትን ኋላ ትሰሙታላችሁ...

ብቻ በዚያች ከሰዓት፣ ስንታየሁ ቀርቀሃ ሜዳ ሳይሄድ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የገዛ አውራ ጣቱን አሥራ ሰባት ጊዜ አተመ።

ውብአየሁ ከላይ ፈረመ፤ ማህተም አሳረፈ።

ስንታየሁ በልቡ ይስቅ ነበር። "ይህን ወረቀት አንድ ቀን ዞን አቀርበዋለሁ። አሥራ ሰባቱም አሻራ የአንድ ሰው መሆኑን ያያሉ። ያኔ ያቺን ወንበር እናያለን!"

የማን ጣት ነው ተብሎ እንደሚጠየቅ አላሰበም። ቅናቱ እንዲህ አሳውሮት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ በጣቱ አልከፈት አለው።

ጠረገው። እንደገና ሞከረ። እምቢ።

ቀለሙ ነው ብሎ በሳሙና ፈተገው። አልሆነም። በቁጥር ይከፍተው ጀመር። በሳምንቱ ጣቱን ብርሃን ላይ ሲያየው ጠባሳው ቀጥኗል... መስመሮቹም እንደ ቆየ ጽሑፍ ደብዝዘዋል።

ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ስምንት ሰዓት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስንታየሁ ብቻውን ተቀምጧል። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

አንድ ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል።

ጋቢው ደረቅ ነው። በዚያ ዝናብ... ጠብታ የለበትም።

"ይግቡ አባቴ። ምን ልታዘዝ?"

ሽማግሌው በአገውኛ መለሱለት። ስንታየሁ የጥሊሊ ልጅ ስለሆነ ቋንቋው የእናቱ ነው።

"ቢሻው ነኝ። ከቀርቀሃ ሜዳ።"

ስንታየሁ ደነገጠ። በወረቀቱ ላይ አንደኛው ስም ቢሻው ነው።

"ፈርመሃል አሉኝ" አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። "ፊርማዬን ልየው ብዬ ነው የመጣሁ።"

እንዲመለሱ ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር። እጁ ግን መሳቢያውን ከፍቶ ፋይሉን አወጣ።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። አሥራ ሰባቱንም አሻራ አንድ በአንድ አዩ። ሲተነፍሱ አይሰማም።

"የትኛው ነው የኔ?"

"ይኸ... ይኸ የመጀመሪያው ነው አባቴ።"

"የኔ ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"እንግዲያ ደግ።"

ቀኝ እጃቸውን አንስተው አውራ ጣታቸውን አሳዩት። የጣታቸውን ሆድ አግድም የሚያቋርጥ ጠባሳ አለ።

የእሱ ጠባሳ።

ስንታየሁ ቶሎ ብሎ የራሱን ጣት አየ። ጠባሳው የለም። ቀና ሲል ሽማግሌውም የሉም።

ሮጦ ወጣ። ወገኔ በረንዳው ላይ ቆሞ በቆሎ ይፈለፍላል።

"አንድ ሽማግሌ ወጡ?"

"ከምሳ ወዲህ የገባም የወጣም የለ።"

ተመለሰ። ወለሉ ላይ የባዶ እግር ዱካ አለ። ከበሩ ተነስቶ ጠረጴዛው ጋ ይደርሳል... የሚመለስ ዱካ ግን የለም።

የበለጠ ያስፈራው ጭቃው ነው። የኛ አገር መንገድ ጭቃው ቀይ ነው። ይኸኛው ግራጫ ነው፣ እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ። ስንታየሁ ሥራው ነውና አወቀው። እንዲህ ያለ አፈር ሲቆፈር የሚገኘው ከሰባት ስምንት ሜትር በታች ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀርቀሃ ሜዳ ቀበሌ ተደወለ። ጥጃ ሲፈልጉ ጉም ውስጥ መንገድ ስተው፣ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ የገቡ ሰው ዛሬ ጠዋት ሞተው ተገኙ። ሦስት ቀን እዚያው ሰንብተዋል።

"ማን ይባላሉ?"

"አቶ ቢሻው።"

አሁን የምነግራችሁን ስንታየሁ ሲነግረኝ አልቅሷል። ያን ስልክ ሲዘጋ መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አልነበረም። ፍርሃትም አልነበረም።

ደስታ ነበር።

"ውብአየሁ አበቃለት" ነው ያለው። ሰው ሞቶ እሱ የታየው ያቺ ወንበር ናት።

ወረቀቱን ለዞን ሊልክ አነሳው። ያኔ ነው የማን ጣት እንደሆነ ትዝ ያለው። አስቀመጠውና በምትኩ ስልኩን ይዞ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

"ይችን ስማት" አለና ቅጂውን ከፈተለት።

ውብአየሁ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ያንተም ድምፅ አለበት እኮ ስንቴ።"

ስንታየሁ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

"ምንድን ነው የምትፈልገው?"

"ወንበሩን።"

"ይህችን ብቻ?" ውብአየሁ ሲጥ... አድርጎ አዞራት። "ውሰዳት። እኔ ዞን ልመደብ ነው፤ ለተሻለ ኃላፊነት።"

ስንታየሁ የተመኘውን አገኘ፣ በዚያችው ደቂቃ ግን ወንበሯ አነሰችበት። ውብአየሁን ዞን የምትጠብቀው ወንበር ደግሞ ምን ትመስል ይሆን እያለ ነው ያን ሌሊት ያደረው።

"የሰውየውስ ነገር?" አለ ስንታየሁ፣ ከቢሮው ሳይወጣ።

"ተረክበው የለ? አሥራ ሰባት አሻራ አለ። ጉድጓዱን መጠበቅ የነበረባቸው እነሱ ናቸው።"

በቃ፣ እንዲህ ተወሰነ። ስንታየሁ ኃላፊ ሆኖ የፈረማት የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ለፖሊስ የተጻፈች ናት። ጉድጓዱን የተረከቡት የቀርቀሃ ሜዳ ነዋሪዎች በቸልተኝነት ለጠፋው የሰው ሕይወት ይጠየቁ ትላለች። ወጪ ቁጥር የሰጠኋት እኔ ነኝ። እኔም ዝም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ቅጂውን ግን አላጠፋውም። ማጥፋት ነበረበት። ነገር ግን ውብአየሁ አዲስ መኪና ተሰጠው ሲባል ሰማ። "ዞን ድረስም ቢሆን እከተለዋለሁ" ብሎ አስቀመጠው። ሲከፋው በር ዘግቶ ያደምጠዋል።

ነሐሴ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት።

ፋይል ይዤ ልገባ በሩ ላይ ስደርስ ቢሮው ሞልቷል። አሥራ ስድስት ሰው። ከቀርቀሃ ሜዳ በእግር መጥተው ሁሉም ውኃ ይንጠባጠባሉ። ከፊት የቆሙት እማማ ያለምወርቅ ናቸው፣ የሟቹ ሚስት፣ ጥቁር ለብሰው። ስንታየሁ ቅጂውን ሲያዳምጥ ገብተውበት ኖሮ ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጦታል።

"ልጄ" አሉ እማማ ያለምወርቅ፣ "ባሌን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ የገደልሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ፖሊስ የምትጠየቁት ስላተማችሁ ነው አለን። እኛ ምንም አላተምንም። ያን ወረቀት አሳየን።"

አሳያቸው።

አሮጊቷ ጣታቸውን ከስማቸው ጎን አኖሩ። "ይኸ የኔ ነው?"

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። አይደለም ቢል ሰዎቹ ቤታቸው ይገባሉ፤ እሱ ግን ወንበሯን ያጣል፣ ይታሰራልም። ዓይኑ ወደ ወንበሯ ክንድ ሄደ። አየሁት።

"የእርስዎ ነው እናቴ።"

ቀጣዩ ቀረበ። "የኔ ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

አሥራ ስድስቱም ጠየቁት። አሥራ ስድስት ጊዜ መለሰ። በእያንዳንዱ መልስ ቀኝ እጁን እንደ ተወጋ ሰው ይሰበስባል።

የመጨረሻው ሰው ሲጨርስ ዝናቡ ራሱ ቆመ።

"ስልክህ ሊወድቅብህ ነው ልጄ" አሉ እማማ ያለምወርቅ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የነበረውን ስልክ ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው መስታወቱ ላይ አረፈ።

ስልኩ ተከፈተ።

ለባለቤቱ ሁለት ወር እምቢ ያለው ስልክ... በእሳቸው ጣት ተከፈተ። ቅጂውም ካቆመበት ቀጠለ።

"...በዚህ ጭቃ ቀርቀሃ ሜዳ ድረስ ማን ይሄዳል? እዚሁ ጨርሳት።" የውብአየሁ ድምፅ ነው።

"አሥራ ሰባት ሰው ነው እኮ አለቃ።" የስንታየሁ።

"ታዲያ ጣት ጠፋ?"

ሳቅ። "ኧረ የኔ ይበቃል!"

ከዚያ ጣት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ጧ... ጧ... ጧ... ሳላስበው ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት።

ከዚያ ሳል ተሰማ። ውኃ የገባበት ሰው ሳል።

"የትኛው ነው የኔ?" አለ አንድ ሽማግሌ በአገውኛ።

የተቀዳው ሰኔ ነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ቢሻው ደግሞ ያኔ በሕይወት ነበሩ።

እማማ ያለምወርቅ "ወይኔ ቢሻው..." ብለው ወንበር ፈልገው ተደገፉ።

ስንታየሁ ሊያጠፋው ዘሎ ስልኩን ያዘ። በአውራ ጣቱ ተጫነው። ስልኩ ጣቱን አያውቀውም። ደግሞ ተጫነው። ደግሞ...

"የትኛው ነው የኔ? የትኛው ነው የኔ?"

ያኔ ጣቱን አየሁት። መስመር የለውም። ጠባሳ የለውም። እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ደረቅም ነበር፤ እምላለሁ፣ ደረቅ ነበር።

በተጫነ ቁጥር ግን መስታወቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ይቀራል።

እማማ ያለምወርቅ ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ነኩት፣ አሹት፣ አሸተቱት። ባላቸው ከጉድጓዱ ሲወጡ ለብሰውት ከነበረው ጋቢ ላይ ሦስት ጊዜ አጥበው ያልለቀቀላቸው ጭቃ ነው።