ከማሲንቆ የተነጠቀ ድምፅ

የጋሼ አምባቸው ማሲንቆ የተገኘችው ከገበያው በታች፣ ገደሉ ሥር ነው። አንገቷ ተሰብሯል። ቆዳዋ በስለት ተከፍቷል።

ሽማግሌው ሬሳ አጠገብ እንደቆመ ሰው ክንዳቸውን አጣምረው ቀሩ። ከሚሌኒየሙ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥር ላይ ነው፤ የሰርግ ወር። እሑድ መካነ ሰላም ውስጥ ትልቅ ሰርግ ሊጫወቱ ተጠርተዋል። ከዚህች ማሲንቆ ሌላ እንጀራ የላቸውም።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ያደረገውን እናገኘዋለን» አለቻቸው ሳጅን ዝናሽ።

የከተማው ጣት አዩብ ላይ ተቀሰረ። ከሳውዲ ያመጣውን ድምፅ ማጉያ ሱቁ በር ላይ እያስጮኸ ከሽማግሌው ጋር ስንቴ ተጣልቷል።

«ወላሂ ሳጅን! አኩርፌያቸው አውቃለሁ፤ እንጀራቸውን ግን አልሰብርም። ማሲንቆዋ የጠፋች ሌሊት ከላላ ከተማ ነው ያደርኩት» አለ አዩብ።

ከላላ ያሳደሩት ሰዎች በስልክ መሰከሩለት።

ከሁሉ አብዝቶ ያለቀሰው ወንድዬ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ጋሼ ያስተማሩት ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ኪቦርድና ኮምፒውተር ይዞ ተመልሷል። ማሲንቆዋ ሆድ ውስጥ አዝራር የምታህል ድምፅ መቀበያ ለጥፎ፣ ድምፅዋን አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባ ከረመ። «ለቅርስ ነው» ብሏቸው ነበር። አሁን ኪቦርዱን ሲነካው የጋሼ ማሲንቆ ከነእጃቸው ለዛ ታለቅሳለች።

ዝናሽ ስብርባሪውን አገላበጠች። ጋሼ የነገሯት መቀበያ የለችም።

«መቀበያዋ ውስጧ እንዳለች ማን ያውቅ ነበር ጋሼ?»

«ከወንድዬ በቀር ማንም። ‹አምባቸውን የሚያዘፍነው ኮረንቲ ነው› እንዳይሉኝ ደብቄያለሁ።»

ወንድዬን ጣቢያ አስጠራችው።

«ቆዳዋን ማን ቀደደው?»

«ሌባው ነዋ።»

«ሊሰብራት የመጣ ሰው በስለት ምን አለፋው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ቦርሳህን ክፈት።»

መቀበያዋ ወጣች፤ ቁራጭ ቆዳ እንደተጣበቀባት። የአስተማሪውን እንጀራ ሲሰብር ያልሳሳ ልጅ ለአዝራሯ ሳስቷል።

«ሰርገኛው ሁሉ ‹አምባቸው እያለ ያንተ ኪቦርድ ምን ያደርግልናል› ይለኛል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ማሲንቆዋ ከሌለች እኔን ይጠሩኛል ብዬ ነው።»

ሽማግሌዎች ገቡበት። ልጁ ማሲንቆ ያሠራላቸው፣ እግር ስሞ ይታረቅ ተባለ።

«ማሲንቆስ እንጨትና ቆዳ ነው፣ ይሠራል። ድምፄን ይመልስልኝ» አሉ ጋሼ።

ዝናሽ ክሱን ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ቆመ። የተሰበረ ዕቃ ይጻፋል። ድምፅስ በምን አንቀጽ ይጻፍ? አዛዧን ብትጠይቀው ሳቀባት። የተሰበረችውን ማሲንቆ ብቻ ጽፋ መዝገቡን ዘጋችው።

እሑድ ወንድዬ በዋስ ወጥቶ ኪቦርዱን ከሰርጉ ዳስ ውስጥ ተከለ። ጋሼን ለክብራቸው ከፊት አስቀመጧቸው።

አንዲት ባልቴት እንደ ልማዱ ለሙሽራው ግጥም ወረወሩ፤ «ተቀበል!» አሉ። ኪቦርዱ የራሱን ዜማ እንደያዘ ቀጠለ። ጋሼ ግን ግጥሙን ተቀበሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ዝናሽ አየች። የማጉያው ጩኸት ዋጣቸው። ባልቴቷ ትንሽ ጠብቀው እሳቸውም ማጨብጨብ ጀመሩ።

አንድ እንግዳ ወደ ጋሼ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እግዜር ይስጥዎ ጋሼ፣ ልጁን ጥሩ አርገው አስተምረውታል። ቁርጥ እርስዎን!»

ጋሼ ቀና ብለው ዝናሽን አዩዋት። እሷም አንገቷን ደፋች።