ሦስቱ የኮንክሪት ኩቦች

ሦስተኛው ኩብ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤ የመጭመቂያው ማሽን መርፌም ወደ ኋላ ተመለሰ። መምህር ጊሚሬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የጥንካሬውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አዩት። አሥራ ሦስት። ቢያንስ ሃያ መድረስ ነበረበት። የፊተኞቹ ሁለቱም ከአሥራ አራት አላለፉም።

ተማሪዋ ሱምኒማ ቁጥሩን በሙያ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ጻፈች። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ጀኒሻ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኩቦቹ ለሙከራ የተቀዱት ለመንደሩ አዲስ ጤና ኬላ ምሰሶዎች ከተቦካው ኮንክሪት ነው። ምሰሶዎቹን የሠሩት ግንበኛ ጋሽ ካጂማን ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ይጠባበቃሉ። ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ምሰሶዎቹ ይፈርሳሉ። ከዚያ በኋላ ቤት ሥሩልኝ ብሎ የሚጠራቸው ሰው አይኖርም።

ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው። ኩብ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ካልቆየ በደንብ አይጠነክርም። በዳሻይን በዓል ሰሞን ገንዳውን በየቀኑ የማየት ተራ የነሱ ነበር። እነሱ ግን አንድ ቀን ብንቀር ማን ያየናል ተባባሉና የበዓሉን ምርቃት፣ ቲካ፣ ሊቀበሉ ወደ ጀኒሻ አያት ቤት ሄዱ። ቀዩ ሩዝ ግንባራቸው ላይ ተለጠፈላቸው፣ በቀርከሃው ዥዋዥዌ እስኪበቃቸው ተወዛወዙ፣ አንዱ ቀን አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሲመለሱ ገንዳው አፍስሶ ደርቋል፤ ኩቦቹም አመድ መስለዋል። ገንዳውን ሞሉና ያልነበሩባቸውን ቀናት ሁሉ «ታይቷል» ብለው ምልክት አደረጉባቸው።

ጋሽ ካጂማን ገባ ብለው አንድ ስባሪ አነሱና በአውራ ጣታቸው ፈተጉት።

«አሸዋው ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስቴ ነበር ያጠብኩት። ጭቃ ቀርቶበት ሳላየው ይሆናል። ዓይኔም ደከመ መሰለኝ።»

መምህሩ ምሰሶዎቹን ውሃ አጠጥተው እንደሆነ ጠየቋቸው። አጠጥተዋል። በበዓሉ ታላቅ ወንድማቸው ዘንድ እንኳ ለቲካ አልሄዱም፤ ምሰሶዎቹ ላይ የጠመጠሙት ጆንያ እንዳይደርቅ ጧት ማታ ውሃ ሲያርከፈክፉ ሰነበቱ። ይህን የተናገሩት ግራ ገብቷቸው እንጂ ለመመጻደቅ አልነበረም። ሱምኒማ እንዲያ አፍራ አታውቅም።

መምህር ጊሚሬ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ገንዳው ጎድሎ ከነበረ ፈተናው እንደማይቆጠርና የምሰሶዎቹ ጥንካሬ ራሱ በቦታቸው እንደሚለካ ነገሯቸው።

«ኧረ በየቀኑ አይተናል፣ መምህር» አለች ጀኒሻ ቶሎ ብላ።

እንግዲያው ሁለታችሁም መዝገቡ ላይ ፈርሙ አሉ መምህሩ፤ ማኅተሙንም ሊያመጡ ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ጀኒሻ ፈርማ እስክሪብቶውን አቀበለቻት። «ፈርሚና እንገላገል» አለች በሹክሹክታ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከታወቀ ዓመቱን እንደግማለን። እናቴ ትገለኛለች፣ ሱሚ።»

እውነቷን ነው። አምና አንድ ተማሪ በዚሁ ጥፋት ደግሟል። ጀኒሻ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች፣ ሱምኒማ ታይፎይድ ይዟት የተኛች ጊዜ ደብተሯን ሁሉ የገለበጠችላት ልጅ ናት። ሱምኒማ እንባዋ መጣ።

ጋሽ ካጂማን ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብለው ስብርባሪውን ይሰበስባሉ። «አይ ልጆቼ፣ በከንቱ አደከምኳችሁ» አሉ።

ሱምኒማ የበዓሉን ገጽ ገለጠች። የመጀመሪያውን ቀን ምልክት ሰረዘች፤ ሁለተኛውንም። ጀኒሻ እጇን ያዘቻት። ሱምኒማ ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና እስከ አሥራ ሁለተኛው ሰረዘች። ከግርጌው «በእነዚህ ቀናት ገንዳው ደረቅ ነበር» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

«ጋሼ፣ ይተዉት፤ እኛ እናነሳዋለን» አለች ወንበር እየሳበችላቸው። «ይቀመጡ። መምህር ሲመለሱ የምነግራቸውን እርስዎም ይስሙት።»