የረጅሙ ሳውንድ ባር ሆድ

ሳውንድ ባሩ ሆዱ ባዶ ነበር።

ያወቀው ጡረተኛው ትሮምቦን ነፊ ዶን ኤሊሂዮ ነው። ሳንቲያጎ ከተማ ውስጥ፣ በዶን ፋውስቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ረጅሙንና አጭሩን የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ጎን ለጎን አስከፍቶ በአንድ ዘፈን ሲያወዳድር ረጅሙ ተነጫነጨበት። አላመነም። ብድግ አደረገው። ቀለለው። ብሎኖቹ ሲፈቱ ትልልቆቹ ስፒከሮች የሉም፤ አውራ ጣት የምታህል አንዲት ብቻ ቀርታለች።

«ሌባ!» ብሎ ጮኸ ዶን ፋውስቶ። ጣቱ ወደ ሻጯ ወደ ዱልሴ ተቀሰረ።

ሳጅን ዮካስታ ስትደርስ ዱልሴ በጥቁር የሐዘን ቀሚሷ ጥግ ቆማለች። ዛሬ በካቴና ከወጣች በዚህ ከተማ ሥራ የሚሰጣት ሱቅ አይኖርም።

«መቼ ነው የተሰረቀው?»

«ዛሬ ጠዋት ነዋ!» አለ ዶን ፋውስቶ። «ትናንት ማታ ስዘጋ እኔው ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ነጎድጓድ ነበር። ዛሬ የከፈተችው እሷ ናት።»

ሳጅኗ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎስ ባንዴ እንዴት አወቁ?»

«ሠላሳ ዓመት ባንድ ውስጥ ስነፋ ኖሬ፣ ይህን ካላወቅኩማ በቁሜ ሞቻለሁ።»

የዱልሴ ቦርሳ ተፈተሸ። የብሎን መፍቻ ወጣ።

«ይኸው!» አለ ዶን ፋውስቶ።

«ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የምሰቅለው በጥርሴ ነው እንዴ?» አለች ዱልሴ። 

መፍቻው ብሎኖቹን ልክክ አድርጎ ያዘ። ዮካስታ ልጅቷን ጠረጠረቻት። ግን ስፒከሮቹስ? ቦርሳዋ ውስጥ አይገቡም፤ ጠዋት ከገባች ደግሞ ከሱቁ አልወጣችም።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከኒዩርካ ፀጉር ቤት የባቻታ ሙዚቃ ይንቆረቆራል። በተከፈተው በር፣ መስታወቱ ሥር የሚታየው ያው አጭሩ ሳውንድ ባር ነው። ዮካስታ ተሻገረች።

«ከየት ገዛሽው?»

«ከዶን ፋውስቶ፣ ባለፈው ሐሙስ።»

«ረጅሙን አልሰማሽም?»

«ሰምቼዋለሁ እንጂ! ጣሳ ውስጥ የተዘጋበት ሰው ነው የሚመስለው። ዕቃ በቁመት አይገዛም፣ እህቴ።»

«ያሰማችሽ ዱልሴ ናት?»

ኒዩርካ የደንበኛዋን ፀጉር መጠቅለሏን አቆመች። «ዱልሴማ እናቷን ቀብራ፣ ዘጠኙን የሐዘን ቀን ገጠር አልነበረች? የተመለሰችው ትናንት ማታ ነው። ያሰማኝ ራሱ ዶን ፋውስቶ ነው።»

ረጅሙ ሐሙስ ዕለትም ጣሳ ከነበረ፣ ትናንት ማታ እንደ ነጎድጓድ ሊሰማ አይችልም። ዮካስታ ተመልሳ ዕቃ ክፍሉ እንዲከፈት አዘዘች።

«ቁልፉ ጠፍቶብኛል» አለ ዶን ፋውስቶ።

«ኪስዎ ውስጥ ሲንሿሿ ይሰማኛል።»

ውስጡ አርባ ያህል አጫጭር ሳውንድ ባሮች በየካርቶናቸው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ከኋላቸው፣ በፎጣ የተጠቀለሉ ስፒከሮች።

የዶን ፋውስቶ ትከሻ ወረደ። «ሁለቱን የሰማ ሁሉ ረጅሙን ይላል! ረጅሙ የቀረኝ ሁለት ብቻ። ይህ ሁሉ ካርቶን እዚህ ይበስብስብኝ? አጭሩ እንዲሸጥልኝ የረጅሙን ድምፅ ላሳንሰው ብዬ እንጂ አልሰረቅሁም።»

«ልጅቷስ ምን አደረገችዎት?»

«ሰው ሁሉ አፈጠጠብኝ፣ ሳጅን። አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት።»

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ዶን ፋውስቶ ወደ ዱልሴ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። ክፉ ሰው እንዳልሆንኩ ንገሪያቸው።»

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩ። በሰው ፊት ሌባ ብለውኛል፤ በሰው ፊት ቃልዎን ያንሱልኝ።»

«ሌባ አይደለችም» አለ ወለሉን እያየ። የተንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነው።

ዶን ኤሊሂዮ መዳፉን ጆሮው ላይ ደገነ።

«አልተሰማም፣ ዶን ፋውስቶ። ከፍ ያድርጉት።»